ኤስኪውላይትን ለቁም ነገር ላምነው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ ኤስኪውላይት (SQLite)፣ ዳታን በአንድ ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጥ ዳታቤዝ። ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለሱ ሰጥተነዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ የፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከአዳማ ነው። ፕሮግራሚንግ የተማርኩት በራሴ ነው፣ ፓይተን እሠራለሁ። አሁን ለአንድ ፋርማሲ የመድኃኒት መመዝገቢያና መሸጫ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው፣ ዳታውን ኤስኪውላይት ላይ አድርጌዋለሁ። አንድ የማከብረው ጓደኛዬ ግን "ይሄማ መለማመጃ ነው፣ ለሥራ አይሆንም፣ ማይኤስኪውኤል ጫን" አለኝ። መብራት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ሽያጭ እየተመዘገበ መሀል ላይ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ዳታው ይበላሻል ወይ? ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በጀመርከው ቀጥል። ጓደኛህ ያለውን ብዙ ሰው ይላል፣ ግን ልክ አይደለም።

ኤስኪውላይት ከየት እንደመጣ ብታውቅ ፍርሃትህ ይቀንሳል። ሪቻርድ ሂፕ የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ነው በ2000 የሠራው። ያኔ በጄኔራል ዳይናሚክስ በኩል ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ይሠራ ነበር። ሥራው የጦር መርከብ ጉዳት ሲደርስባት ጉዳቱን ለመቆጣጠር የሚያግዝ ሶፍትዌር ነው። ዳታው የሚቀመጠው ኢንፎርሚክስ በሚባል የዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ነበርና ሰርቨሩ ሲቆም ፕሮግራሙም አብሮ ይቆማል። ሂፕ የፈለገው ሰርቨር የማይፈልግ፣ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የሚነሳ፣ ዳታውን በቀጥታ ከዲስክ የሚያነብና የሚጽፍ ዳታቤዝ ነው። የአንተም ጉዳይ ይኸው ነው። ማይኤስኪውኤል ራሱን የቻለ የዳታቤዝ ሰርቨር ነው፣ ብትጭነው ፋርማሲው ውስጥ ሌላ የሚነሳና የሚወድቅ ነገር ጨመርክ ማለት ነው፤ ጠዋት መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ አልነሳ ቢል የሚደወለው ለአንተ ነው፣ ባለሙያዋ ደግሞ በሽተኛ ፊቷ ቆሞ ትጠብቅሃለች።

ዛሬ በኪስህ ያለው ስልክ፣ አንድሮይድም ይሁን አይፎን፣ ውስጡ ኤስኪውላይት አለ። ፋየርፎክስና ክሮም የጎበኘሃቸውን ገጾች የሚመዘግቡት በሱ ነው። ፓይተንም ከ2006 ጀምሮ ይዞት ነው የሚመጣው፣ ለዚህ ነው ምንም ሳትጭን የሠራልህ። ፈቃድ አይጠየቅበትም፣ ክፍያም የለውም። አዘጋጆቹ እስከ 2050 ድረስ ሊያግዙት አቅደዋል። በመጠን በኩልም አታስብ፣ አንድ ፋይል እስከ 281 ቴራባይት ድረስ መያዝ ይችላል።

አሁን ወደ መብራቱ። አንድ ሽያጭ ስትመዘግብ ቢያንስ ሁለት ነገር ትጽፋለህ፦ ሽያጩን ራሱን፣ እና ከክምችቱ የሚቀነሰውን ብዛት። ሁለቱ በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም የሚጻፍበት፣ ወይ ምንም የማይጻፍበት ጥቅል) ውስጥ መግባት አለባቸው፣ ይሄ የአንተ ድርሻ ነው። የቀረው የኤስኪውላይት ነው። ዋናውን ፋይል ከመቀየሩ በፊት የሚነካቸውን የፋይሉን ክፍሎች የቀድሞ ይዘት ጎኑ ባለ ጆርናል ፋይል ላይ ይገለብጣል። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ዳታቤዙ ዳግም ሲከፈት ያላለቀ ሥራ እንዳለ ከጆርናሉ ያያል፣ የነበረውን ወደ ቦታው ይመልሳል። ሽያጩ ወይ ሙሉ ለሙሉ ተመዝግቧል፣ ወይ ጭራሽ አልተመዘገበም። ግማሽ የሚባል ነገር የለም። ትራንዛክሽኑን ትተህ ሁለቱን ለየብቻ ከጻፍካቸው ግን መድኃኒቱ ተሽጦ ክምችቱ ሳይቀነስ ይቀራል፣ ለዚያ ደግሞ ዳታቤዙን መውቀስ አይቻልም።

ከዚህ ተነስቼ ሦስት ነገር አደራ እልሃለሁ። ከዳታቤዙ ጎን ድንገት የምታየውን ጆርናል ፋይል "ይሄ ደግሞ ምንድነው" ብለህ አትሰርዘው፣ ሌላም ሰው እንዳይሰርዘው ንገር፤ ከመብራት በኋላ የሚያድንህ እሱ ነው። ዳታቤዙን ፍላሽ ላይ አድርገህ አታሠራው። ፕሮግራሙ "ጻፍ" ሲለው "ጽፌያለሁ" ብሎ ገና ያልጻፈ ማስቀመጫ አለ፣ ርካሽ ፍላሽ ላይ ደግሞ ይህ ያጋጥማል፣ እንዲህ ከሆነ የትኛውም ዳታቤዝ አያድንህም። ሦስተኛው፣ "ፍጥነት ይጨምራል" ተብሎ ሲንክሮነስ የሚባለውን ፕራግማ (የኤስኪውላይት ማስተካከያ ትዕዛዝ) ኦፍ እንድታደርግ የሚመክርህን አትስማ። ያ ማለት ዳታው ዲስክ ላይ መድረሱን ሳታረጋግጥ ቀጥል ማለት ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይሄ አይደረግም።

የመድኃኒት ዝርዝር ከኤክሴል ስታስገባ ቀርፋፋ ሆኖብህ ከሆነ መፍትሔው ሌላ ነው። እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ኮሚት ስታደርግ (ትራንዛክሽኑን ስታጠናቅቅ) ኤስኪውላይት በየመስመሩ ዲስኩን ይጠብቃል። ሁሉንም በአንድ ትራንዛክሽን ጠቅልለው። በተራ ኮምፒውተር ላይ በሴኮንድ 50,000 መስመርና ከዚያ በላይ ማስገባት ይቻላል፤ በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ የሚጠናቀቁት ትራንዛክሽኖች ግን በሴኮንድ ጥቂት ደርዘን ብቻ ናቸው። ልዩነቱን ራስህ ሞክረህ እየው፣ ስለ ዳታቤዝ ከብዙ ቪዲዮ የበለጠ ያስተምርሃል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነኝ። የሠራሁት የሱቅ ፕሮግራም በአንድ ኮምፒውተር ደህና ይሠራ ነበር። ሁለተኛ ካሸር ሲጨመር ፋይሉን ሼርድ ፎልደር ላይ አድርጌ ሁለቱም ኮምፒውተሮች እንዲከፍቱት አደረግኩ። አሁን "ዳታቤዙ ተቆልፏል" የሚል ኢረር እየመጣ ሰው ያንገላታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ፋይሉን ከሼርድ ፎልደሩ ዛሬውኑ አውጣው። ኢረሩ ትንሹ ችግርህ ነው። ኤስኪውላይት ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንዳይጽፍ የሚያደርገው ፋይሉን በመቆለፍ ነው፣ በኔትወርክ ላይ ያለ ፎልደር ደግሞ ቁልፉን በትክክል ላያስከብር ይችላል። የዚያን ቀን ሁለቱም ኮምፒውተሮች "እኔ ብቻ ነኝ የምጽፈው" ብለው ይጽፋሉ፣ ፋይሉም ይበላሻል።

ትክክለኛው መንገድ ፋይሉን አንዱ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ፣ እዚያው ላይ ትንሽ ፕሮግራም ማስነሳት፣ ሌላው ካሸር ጥያቄውን ለዚያ ፕሮግራም እንዲልክ ማድረግ ነው። ፍላስክ ወይም ፋስትኤፒአይ የሚባሉትን የፓይተን መሥሪያዎች የምታውቅ ከሆነ ብዙ ሥራ የለውም። ፋይሉን የሚነካው አንድ ማሽን ብቻ ይሆናል።

ያንን ካደረግህ በኋላ ዋል (WAL) የሚባለውን የጆርናል ዓይነት አብራው። ከ2010 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። በድሮው አሠራር አንዱ ጽሑፉን ሲያጠናቅቅ አንባቢዎች ይጠብቃሉ። በዋል ግን አዲሱ ለውጥ መጀመሪያ የሚጻፈው ሌላ ፋይል ላይ ስለሆነ ጸሐፊው አንባቢን አይከለክልም፣ አንባቢም ጸሐፊን አይከለክልም። አንዴ ካበራኸው ፋይሉ ላይ ይቀራል፣ ደጋግመህ ማዘዝ የለብህም። ጸሐፊ ግን አሁንም በአንድ ጊዜ አንድ ነው፣ ያ አይቀየርም።

ስለዚህ ተራው ያልደረሰው ወዲያው ኢረር ከሚያገኝ ትንሽ ይጠብቅ። ቢዚ ታይምአውት የሚባለው ፕራግማ ለዚህ ነው፣ አምስት ሺህ ሚሊሴኮንድ ስጠው። እሱ እንደ ዋል ፋይሉ ላይ አይቀርም፣ ኮኔክሽን በከፈትክ ቁጥር ነው የሚታዘዘው። ይሄንንም አድርገህ አሁንም አልፎ አልፎ ተቆልፏል ካለህ፣ ትራንዛክሽንህ መጀመሪያ አንብቦ ከዚያ የሚጽፍ መሆኑን እይ። በተራው ቢጊን (BEGIN) ትዕዛዝ የተጀመረ ትራንዛክሽን እንደ አንባቢ ነው የሚነሳው። መሀል ላይ ልጻፍ ሲል ሌላው ቀድሞት ጽፎ ከሆነ መጠበቅም አያዋጣውም፣ ያነበበው አርጅቷልና ወዲያው ይወድቃል። እንዲህ ያለውን ከመነሻው በቢጊን ኢሚዲየት (BEGIN IMMEDIATE) ጀምረው፣ የጸሐፊነት ተራውን መጀመሪያ ይይዛል። በጣም ጥቂት ሰው የሚያውቀው ግን ብዙ ራስ ምታት የሚያድን ነገር ነው።

እና ትራንዛክሽን ከፍተህ ደንበኛው ገንዘብ እስኪቆጥር አትጠብቅ። ክፈት፣ ጻፍ፣ ዝጋ። ሁለት ካሸር ቀርቶ አሥርም ቢሆን ሱቅ ውስጥ ሲጽፉ እምብዛም አይጋጩም። ቅርንጫፎች ተከፍተው በየከተማው ያሉ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚጽፉበት ቀን ሲመጣ ያኔ ፖስትግሬስ የሚባለውን የዳታቤዝ ሰርቨር ተማር፤ እስከዚያ አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው። ዋጋ የሚለውን ኮለም ቁጥር ብዬ አውጄዋለሁ። ትናንት ውስጡ "አስር ብር" የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። እንዴት አሳለፈው?

መልስ፦ ኤስኪውላይት እንዲህ ነው፣ የኮለሙን ዓይነት እንደ ምርጫ እንጂ እንደ ሕግ አያየውም። ወደ ቁጥር መቀየር የሚችለውን ይቀይራል፣ የማይቀየረውን እንዳለ ያስቀምጠዋል። ርዝመቱ አሥር ፊደል ነው ብለህ ያወጅከው ኮለም ውስጥም መቶ ፊደል ይገባል። በኔ እምነት ይህ ለጀማሪ አደገኛው ጎኑ ነው፣ ምክንያቱም ስህተቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ድምር ሲሳሳት ነው። ከ2021 ወዲህ ባሉት ቨርዥኖች ቴብሉን ስትፈጥር መጨረሻው ላይ ስትሪክት (STRICT) ብለህ ብትጽፍ እንዲህ ያለውን አያሳልፍም። ሁልጊዜ ጻፈው።

ሁለተኛው ልማዱ የፎሪን ኪይ (አንዱን ቴብል ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ደንብ) ነው። ብታውጀውም፣ ኮኔክሽን በከፈትክ ቁጥር ፕራግማውን ኦን ካላደረግህ አይቆጣጠርም። የተሰረዘ ደንበኛ ዕዳ ሜዳ ላይ ቀርቶ ታገኘዋለህ። ዋጋንም በነጥብ ቁጥር ሳይሆን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጥ። 12 ብር ከ50 ሳንቲም 1250 ነው። ለማሳየት ብቻ ለመቶ አካፍል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው፣ በፍላተር (የስልክ አፕ መሥሪያ) የእድር መመዝገቢያ አፕ እየሠራሁ ነው። የእድራችን ጸሐፊ እየሞከሩት ነው። የመጀመሪያው ችግር ስም መፈለግ ነው። "ኃይሉ" ብለው የመዘገቡትን "ሀይሉ" ብለው ሲፈልጉ አይመጣም። ሁለተኛው ቀን ነው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስላስቀመጥኩ ስሌቱ አንዳንዴ ይዛባል። ሌላ ዳታቤዝ ልቀይር?

መልስ፦ እህቴ፣ ሌላ ዳታቤዝ ብትቀይሪም ችግሩ ተከትሎሽ ይሄዳል። ይሄ የፊደላችን ጉዳይ ነው። የውጭ ማኑዋሎች አይጽፉልንምና ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚሁ። በዚያ ላይ በአማርኛ ሀና ሃ፣ አና ኣ ድምፃቸው አንድ ነው። ፀሐይ የምትባል አባል ስሟ ፀሃይ፣ ጸሀይ፣ ጸሐይ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፣ ሁሉም ትክክል ነኝ ይላል። ለሰውየው ወይም ለሴትየዋ ስም ግን አጻጻፉ የራሳቸው ነው፣ አንቺ ልታስተካክዪው አይገባም። ስለዚህ ሁለት ኮለም ያዢ። አንደኛው ስሙን እንደተጻፈ የሚያስቀምጥ ነው፣ ደረሰኝ ላይ የሚወጣው እሱ ነው። ሁለተኛው መፈለጊያ ነው፣ ለሰው አይታይም። ስሙ ሲመዘገብ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይረሽ እዚያ ታስቀምጪዋለሽ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሁሉ። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ። ክፍት ቦታውንም አውጪ፣ "ወልደ ጊዮርጊስ" እና "ወልደጊዮርጊስ" አንድ እንዲሆኑ። ጸሐፊው የሚፈልጉትን ቃልም በዚያው ፋንክሽን አሳልፈሽ ከመፈለጊያው ኮለም ጋር አስተያዪ። ኮለሙ ላይ ኢንዴክስ አድርጊ።

አኅጽሮቱ ግን በፋንክሽን አይፈታም። ገ/ማርያም ገብረማርያም መሆኑ ግልጽ ነው፣ ተ/ የሚለው ግን ተክለም ተስፋም ሊሆን ይችላል፣ ወ/ ደግሞ ወልደም ወለተም። ፕሮግራሙ መገመት የለበትም። ሲመዘገብ ሙሉው ስም እንዲጻፍ ጠይቂ፣ ከአሮጌው መዝገብ የመጣውን ደግሞ ጸሐፊው ራሳቸው ይሙሉት፣ ሰዎቹን የሚያውቋቸው እሳቸው ናቸው።

ኤስኪውላይት ኤፍቲኤስ5 የሚባል የጽሑፍ መፈለጊያም አለው። በአማርኛ ይሠራል፣ አራት ነጥብንና ሁለት ነጥብን እንደ ቃል መለያ ያያቸዋል። ነገር ግን "የመድኃኒት" እና "መድኃኒት" ለሱ ሁለት ቃላት ናቸው፣ የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ቃሉ ላይ እንደሚለጠፉ አያውቅም። ትራይግራም የሚባለው አማራጭ፣ በ2020 የመጣው፣ ቃል ውስጥ ያለ ቁራጭም ያገኛል፣ ግን የምትፈልጊው ቢያንስ ሦስት ፊደል መሆን አለበት። ለእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ትንሽ ነው። ለእኛ ግን ከበደ ሦስት ፊደል ነው፣ ቤዛ ደግሞ ሁለት፣ ስለዚህ ቤዛ አትገኝም። ለእድር የስም ዝርዝር መፈለጊያ ኮለሙና ላይክ (LIKE) የሚባለው የፍለጋ ትዕዛዝ ይበቁሻል፣ ጥቂት መቶ ሰው ነው።

አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። ስሞቹን ስትደረድሪ ተራው የፊደል ተራ ነው የሚመጣው፣ ምክንያቱም በዩኒኮድ ፊደላችን የተቀመጠው ከሞላ ጎደል ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ ነው። ግን ኃይሉና ሀይሉ እንዲቀራረቡ ከፈለግሽ በመፈለጊያው ኮለም ደርድሪ።

ቀኑን በተመለከተ፣ ውስጡን በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጪ፣ ስክሪን ላይ ስታወጪ ወደ እኛ ቀይሪ። ኤስኪውላይት የቀን ዓይነት የለውም፣ ቀንን እንደ ጽሑፍ ወይም እንደ ቁጥር ነው የሚይዘው፣ የቀን ፋንክሽኖቹ የሚያውቁት ግን የፈረንጁን ብቻ ነው። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም.ን 2015-13-06 ብለሽ ብትሰጪው 13ኛ ወር ስለማያውቅ ባዶ ይመልሳል። ያ እንኳ ደህና ነው፣ ይታያል። የከፋው የማይታየው ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2016ን 2016-02-30 ብለሽ አንድ ቀን ደምር ብትይው፣ እሱ ሁለተኛውን ወር ፈብሩዋሪ አድርጎ ነው የሚያስበው፣ ስለዚህ 2016-03-02 ይልሻል። ኅዳር 1 መሆን የነበረበት ኅዳር 2 ሆነ። የወር መዋጮ ቀን ላይ እንዲህ ያለ ስህተት ሰው ያጣላል።

ሰዓቱንም አትርሺ። "አሁን" ስትዪው የሚሰጥሽ የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፣ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ። ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተመዘገበ ነገር በትናንትናው ቀን ይወጣል። ሲቀመጥ እንደዚያው ይቀመጥ፣ ሲታይ ሦስት ሰዓት ጨምሪ።

ጥያቄ፦ ባክአፕ የማደርገው ማታ ማታ ፋይሉን ወደ ፍላሽ በመገልበጥ ነው። በቂ ነው?

መልስ፦ ፕሮግራሙ ተዘግቶ ከሆነ አዎ። ክፍት እያለ ከሆነ አይደለም። እየተጻፈበት ያለ ፋይል ስትገለብጥ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ሊሆን ይችላል። ዋል ካበራህ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ሽያጮች ገና ዋናው ፋይል ውስጥ ሳይገቡ ጎኑ ባለው የዋል ፋይል ላይ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ዋናውን ብቻ ከገለበጥክ እነሱን ትተሃቸዋል።

ከ2019 ጀምሮ ቫኪዩም ኢንቱ (VACUUM INTO) የሚባል ትዕዛዝ አለ። ፕሮግራሙ እየሠራም ቢሆን ሙሉና ንጹሕ ቅጂ በሌላ ስም ያወጣልሃል። ፓይተን ላይ ደግሞ ኮኔክሽኑ ራሱ ባክአፕ የሚል ሜተድ አለው። ቅጂውን መጀመሪያ እዚያው ዲስክ ላይ አውጣ፣ ኢንቴግሪቲ ቼክ የሚለውን ፕራግማ አስኪድበት፣ ኦኬ ካለህ ወደ ፍላሽ ውሰደው። ፍላሹንም ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጠው።